ዛሬ የምቀዳው እኔ ነኝ

የሚቀዳ ነገር ሁሉ የቀጂውን ስሜት መያዝ ከጀመረ ወዲህ፣ ጠጅ ቤቶች የሚሻሙት እንደኔ ያለች ሳቂታ ቀጂ ነው። ታዲያ የቀዳሁት ደስታ ከራሴ ላይ ይቀነሳል። ቤት የምገባው ባዶዬን ስለሆነ ውሃ እንኳ የሚቀዳልኝ ባሌ አስቻለው ነው።

ዛሬ ግን ከስንት ዓመት ልመና በኋላ ማርገዜን ሰምቼ ነው ሥራ የገባሁት!

«እንኳን ደህና መጡ ጋሽ ውብሸት! ፀሐይዋ ጋ ይቀመጡልኝ» ብዬ ብርሌያቸውን ሞላሁ። አንዴ ተጎንጭተው ከዘራቸውን ወረወሩና እስክስታ ወረዱ!

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ምን አግኝተሻል?»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ፤ ከየጥጉ ብርሌ ተዘረጋ። ቀዳሁ፣ ቀዳሁ፣ ደስታዬ ሲቀንስ ታወቀኝ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣልን ቀን ለአስቻለው የነገርኩት እንደ ጎረቤት ወሬ ነበር። ዛሬማ አይደገምም! «ቅጂልን እንጂ!» እያሉኝ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጬ በረርኩ።

ቤት ስደርስ አስቻለው እንደልማዱ የውሃውን ጆግ አነሳ።

«ቁጭ በል፤ ዛሬ የምቀዳው እኔ ነኝ።»

አንዴ ተጎንጭቶ ዘሎ ተነሳ። «አረገዝሽ?!»

«አዎ» አልኩት ረጋ ብዬ። የቀረኝን ሁሉ ቀድቼለት ነበር።

እንባው እየወረደ ጆጉን ነጠቀኝ።

«አምጪ! አምጪ ብርጭቆሽን!»