የሰኞው ማስታወቂያ

ሰውዬው ዛሬም ሰኞ ማለዳ የሕክምና ኮሌጁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ዘበኛውን ጠበቀው። ማንበብ አይችልም።

«ወንድም ዓለም፣ እስቲ ስለ ዶክተር ንጋቱ የሚለውን አንብብልኝ።»

ልቧን ለታመመችው ልጁ የኦፕራሲዮን ቀጠሮ የሰጧት ዶክተር ንጋቱ ነበሩ። ኮሌጁ ከእሳቸው ሌላ የልጆች ልብ የሚያክም ሐኪም የለውም። ዘበኛው ወረቀቱን በቃሉ ያውቀዋል። ከላይ የምርቃቱ ቀን፣ ቀጥሎ የአዲሱ ዲን ሹመት፣ መጨረሻ ላይ የሠራተኛ ዜና፦ ዶክተር ንጋቱ ሥራቸውን ለቀው ከአገር ወጥተዋል። ይህን ለአባት ማንበብ አቅቶት ስድስት ሰኞ ሙሉ «ለሥልጠና ሄደዋል፤ በሚመጣው ሳምንት ይመለሳሉ ይላል» ሲለው ከረመ።

ዛሬ ግን አላስቻለውም። ሰውዬው ከመክሳቱ የተነሳ ኮቱ የሌላ ሰው መስሏል።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ዋሽቼዎታለሁ። ዶክተሩ አይመለሱም።»

«አውቃለሁ» አለ ሰውዬው። «የመጀመሪያው ሰኞ ካንተ እንደተለየሁ አንድ ተማሪ አንብቦልኛል።»

«ታዲያ ለምን ይመላለሳሉ?»

«ከዚህ ስመለስ ልጄ አልጋዋ ላይ ሆና ‹ምን አሉህ?› ትለኛለች፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። ዋሽቻት አላውቅም። አንተ ያልከኝን ስነግራት ግን ውሸቱ የእኔ አይሆንም።»



«እየጠበቀችኝ ነው፤ በል አንብብልኝ» አለ ሰውዬው።

ዘበኛው ወደ ሰሌዳው ዞሮ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዶክተር ንጋቱ» ብሎ ጀመረ፣ «በሚመጣው ሳምንት...»