አምስተኛው ቀዳዳ

የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ በምሳ ሰዓት እንደ ልማዳቸው ከበው ያዟት። "ምን አድርገሽ ነው እንዲህ የከሳሽው? ምስጢሩን ንገሪን እንጂ!"

"ካሎሪ ቁጠሩ። የምትበሉትን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፉ" አለች፣ ዓይኗን ከትሪው ሳታነሳ።

"ኤዲያ! እህል ይቆጠራል እንዴ?" አለች ስንዱ፣ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ እየዘረጋችላት። "በሞቴ! ይሄንንስ ስንት ብለሽ ልትጽፊው ነው?"

ሁሉም ሳቁ። እሷም ጎረሰች፤ ትሪው እስኪጸዳ ድረስ ከማናቸውም በላይ በላች።

መቁጠሩን ከተወች አራት ወሯ ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘችውን ሁሉ ትበላለች፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላለችም።

ስትነሳ ሱሪዋ ሸርተት አለባት። ትናንት በሚስማር የበሳችው የቀበቶዋ አምስተኛ ቀዳዳም ላልቷል።

"ታድለሽ!" አለቻት ስንዱ ከኋላዋ።