ሃምሳ ሳይሞላ

«አራት» ይላሉ አጎቴ፣ ብቻውን የቀረውን ጥቁር ንጉሣቸውን አንድ ቤት ወደ ጥጉ ገፋ አድርገው። እየተሸነፈ ያለ ሰው ድምፅ አይመስልም።

እኔ ላፕቶፑን አያለሁ። ፕሮግራሜ ቀጣዩን እርምጃ ሲነግረኝ ነጩን ንግሥት በእጄ አንቀሳቅሳለሁ፤ ሥራዬ ለእሱ እጅ መሆን ብቻ ነው። የሚጫወተው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ከውሃ መሥሪያ ቤት እየወጣሁ የጻፍኩት እሱ ነው። አጎቴ ስም አውጥተውለታል። «ቀብራራው» ይሉታል።

ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣም። አራት ቅዳሜ በተከታታይ ቀብራራው የአጎቴን ሠራዊት ሙልጭ አድርጎ በላ። ከዚያ ግን ንግሥቲቱን ይዞ ባዶውን ንጉሥ እየዞረ ይንጎራደዳል እንጂ ንጉሡን አጥቅቶ መውጫ አሳጥቶ ማት አያደርግም። የቼዝ ሕግ ደግሞ ሃምሳ እርምጃ ሙሉ ማንም ካልተበላ፣ ወታደርም ካልተነቃነቀ ጨዋታው አቻ ነው ይላል። አጎቴ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ፤ ሃምሳ ሲሞላ እጄን ጨብጠው «አይዞሽ» ይሉኛል። ያቺን «አይዞሽ» የጠላሁትን ያህል የጠላሁት ነገር የለም።

ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። ክለባችን ለቼዝ ፕሮግራሞች ውድድር መላክ የሚችለው አንድ ፕሮግራም ነው፤ ምዝገባው እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል፤ የክለቡ ሊቀመንበር ደግሞ አጎቴ ናቸው። «እኔን መጨረስ ያቃተውን አልፈርምበትም» ብለው ቁርጡን ነግረውኛል። ቅጹ ከሰሌዳው ጎን ተዘርግቷል። እስክሪብቶው ገና ከደረት ኪሳቸው አልወጣም።

«አምስት» ይላሉ፣ ንጉሣቸው ጥግ ሲገባ።

ስህተቱን ያገኘችው እናቴ ናት ብል ማንም አያምነኝም። ማቱን ስለማያይ ነው ብዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ አርቆ እንዲያይ ሳደርገው ከረምኩ፤ አርቆ ባየ ቁጥር ግን ባሰበት። ባለፈው ቅዳሜ እናቴ ብርጭቆ እያደረቀች ስታየን ቆየችና፣ «ይኼ ነገርሽ እኮ ያውቃል። ነገም ይደርሳል እያለ ነው እንጂ። ልክ እንደ አጎትሽ፤ የወጥ ቤቱን በር አበጃለሁ ካለኝ መንፈቅ አለፈው» አለች። አጎቴ እንዳልሰማ ሆኑ። እኔ ክው አልኩ።

እውነቷን ነበር። ማት ላገኘበት መንገድ ሁሉ አሥር ሺህ ነጥብ እንዲሰጥ ነው የጻፍኩት። በአንድ እርምጃ የሚገኘው ማት አሥር ሺህ፣ በስድስት የሚገኘውም አሥር ሺህ። ታዲያ ምን ያስቸኩለዋል? በማግስቱ አንዲት መስመር ጨመርኩ፤ ማቱ በራቀ ቁጥር በየእርምጃው አንድ ነጥብ እንዲቀንስ። እንደ ልማዴም አዲሱን ከአሮጌው ጋር አንድ ሺህ ጨዋታ አጫወትኩት። አሮጌውን መሬት ለመሬት ጎተተው። ግን አሮጌው እንደ አጎቴ ተንኮል አያውቅም።

ስክሪኑ አሁን ንግሥቲቱን ወደ ኋላ መልሺ ይለኛል። ንጉሡ ጥግ ገብቶ ሳለ፣ ወደ ኋላ። እጄ እየከበደኝ እመልሳታለሁ።

«መንጎራደዱን ጀመረ» ይላሉ አጎቴ። «እህቴ፣ ሻይ ቢመጣልን ምን ይመስልሻል? ሃምሳ ገና ሩቅ ነው።»

«እስቲ ዝም ብለህ ተጫወት» ትላለች እናቴ ከበሩ ላይ።

«እሺ፣ ስድስት።»

ስክሪኑ ቀጥሎ ነጩን ንጉሥ አንድ ቤት አስጠጊ ይለኛል፤ አስጠጋሁት። ያኔ ገባኝ። ንጉሥ ሳይጠቃ፣ ቼክ ሳይባል፣ መሄጃ ካጣ ጨዋታው አቻ ነው፤ አጎቴ ጥግ የገቡት ለዚሁ ወጥመድ ነው። ንግሥቲቱ ብትጠጋ ኖሮ አልቆልን ነበር። ወደ ኋላ ብላ ለንጉሣቸው ሁለት ቤት ተወችለት፣ ሁለት ብቻ፣ ከዚያ ውጪ መውጫ የለውም። ቀብራራው እየተንጎራደደ አይደለም። እየመጣ ነው።

«ሰባት» ይላሉ፤ ንጉሣቸው ወደ ጥጉ ተመለሰ። እንደ ወትሮው አልጮኹም። ነጩን ንጉሥ አንድ ቤት አስጠጋሁ።

«ስምንት» ይላሉ ለራሳቸው ያህል። አሁንም አስጠጋሁ። መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉና መልሰው ያደርጉታል። ያላቸው ቤት አንድ ብቻ ነው፤ ቢሆንም ንጉሣቸውን ይዘው ብዙ ይቆያሉ። እናቴ ከበሩ ተነሥታ ከኋላዬ መጥታ ቆማለች።

«ዘጠኝ።»

ስክሪኑ አላመነታም። ንግሥቲቱን አንሥቼ ከንጉሣቸው አጠገብ አስቀመጥኳት። «ማት» ማለት የእኔ ድርሻ ነው፤ እኔ ግን ንግሥቲቱን ጨብጬ የአጎቴን ፊት አያለሁ። አጎቴ አጎንብሰው ቤቶቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ይነካሉ። ወደ ጎን ቢሉ ንግሥቲቱ አለች። ወደ ፊት ቢሉ ንግሥቲቱ አለች። እሷን ልብላት ቢሉ ነጩ ንጉሥ ከኋላዋ ቆሟል። እንደገና ከመጀመሪያው ይነካሉ።

«ማት» ይላሉ በመጨረሻ፣ ራሳቸው።

«ጨረሰ?» ትላለች እናቴ።

«ጨረሰኝ።»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሦስት ዓመት ነው የጠበቅኩት፣ ደስታው በአንዴ ሲመጣ ግን ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። አጎቴ እስክሪብቶውን ከኪሳቸው አውጥተው ይፈርማሉ፣ ወረቀቱ እስኪሰረጎድ ተጭነው። ከዚያ ስልካቸውን አንሥተው የክለቡ ጸሐፊ ዘንድ ይደውላሉ።

«የምንልከው የእኛን ነው። አዎ፣ ፈርሜበታለሁ። አዎ፣ እኔን አሸንፎ። በዘጠኝ እርምጃ።» ተነሥተው ወደ መስኮቱ ይሄዳሉ፤ ድምፃቸው መንገድ ድረስ ይሰማል። «ምን ያስቅሃል? አንተንማ ዘጠኝም አያደርስህም። ማን ሠራው? የእህቴ ልጅ ናታ። የእህቴ ልጅ እልሃለሁ፣ ስንቴ ልንገርህ?»

ተነሥቼ ላቅፋቸው ይገባኝ ነበር። ጣቶቼ ግን ንግሥቲቱን ገና አልለቀቋትም።