በስልክ የታየችው የራሽያ ከተማ
ሽንኩርት ሻጯ ከፈለች ቆቦ ገበያ ሽንኩርቷ ፊት ተቀምጣ፣ ለትምህርት ብሎ ራሽያ የሄደው ልጇ በቪዲዮ አንዲት ትንሽ ጥንታዊ ከተማ ሲያስጎበኛት ትስቅ ነበር።

«ይሄ የእንጨት ቤት ሦስት መቶ ዓመቱ ነው፣ እማ።»

«ኧረ አንተ! ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ የሚያድሰው ጠፋ?»

የከተማዋ ቤተክርስቲያን በር ላይ ሲደርስ አንዲት አሮጊት ተቆጡት፤ እዚያም ወንድ ቆብ ደፍቶ አይገባም። አወለቀ። ያ ቅቤ እየጠጣ ያደገው የራያ ጎፈሬ ከሥሩ ተላጭቶ ነበር። ከኋላው የቆሙት ጎረምሶችም እንደዚያው።

ሳቋ ደረቀ። «ማነው የላጨህ?»

«ሁላችንንም ነው።» አቀረቀረ። «ለውትድርና ፈርሜያለሁ፣ እማ። ነገ ወደ ግንባር ነን። በቃ ልዝጋው፣ እየጠሩኝ ነው።»

 ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ቆይ፣ አትዝጋው ልጄ። ግባና ውስጡን አሳየኝ።»