መልመጃ ለአንድ ጊታር

የጊታር ተማሪው፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት፣ ሊያገባት ያሰባት የምንታምር እናት ወይዘሮ አስካለ እንዲያዩት ተብሎ ቤታቸው ተጠራ። ሰባት ወር ተምሮ የሚያውቃት ነገር ግጥም የሌላት፣ ሦስት ደቂቃ የማትሞላ የሃያኛው ክፍለ ዘመን መልመጃ ብቻ ስለነበረች እሷኑ ተጫወተላቸው። ሁለት ቦታ ላይ ሳተ፤ ስህተቱ የዘመናዊ ሙዚቃ ባሕርይ እንዲመስልለት ግንባሩን ቋጠር አደረገ።

ወይዘሮ አስካለ ዐይናቸውን ከቀኝ እጁ ላይ ለአፍታም አልነቀሉም። «ገብቷቸዋል!» አለ በልቡ፤ ሙዚቃው ለእሱ ለራሱ ገና አልገባውም ነበር።

ምሳ ቀረበ። እጁን ወደ ትሪው ሲሰድ እናቲቱ «አፈር ስሆን!» ብለው ቀድመው አጎረሱት። አኝኮ ሳይጨርስ ሁለተኛው ጉርሻ መጣ፤ ሦስተኛውም ተከተለ። በዚህ ዓይነት ጣቱ እንጀራ ሳይነካ ጠግቦ ከማዕድ ተነሣ።

«አየሽ?» አላት ምንታምርን በሹክሹክታ። «ሙዚቃ እንዲህ ነው የሰው ልብ የሚከፍተው።»

እሷ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ደስታ መስሎት አብሯት ሳቀ።

ሲሰናበት ወይዘሮ አስካለ ቀኝ እጁን ያዙና ገልበጥ አደረጉት። ክሩ ጥርት ያለ ድምፅ እንዲሰጥ መምህሩ አሳድግ ብሎት፣ ለዚያች መልመጃ ሲል ሰባት ወር ያልቆረጣቸውን አራት ጥፍሮች አንድ በአንድ አዩዋቸው።

«ሽማግሌህን ላክ ልጄ፣ እኔ ደስ ብሎኛል» አሉት። «ብቻ እነሱ ጊታር የማይመቱ ይሁኑ። ሁሉንም እያጎረስኩ አልዘልቀውም።»