ያልተረገጠው አፈር

ክልላችን ከተቋቋመ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። በኪየቭ ምህንድስና ተምሬ ወደ አሶሳ ተመለስኩና ከአክስቴ ከኢቲዳል መንደር በላይ ጎርፍ የሚያግድ ትንሽ የአፈር ግድብ አሠራሁ። መንደርተኛው በባዶ እግሩ ትከሻ ለትከሻ ተሰልፎ እያንዳንዱን ንብርብር እየረገጠ ያጠብቅ ነበር። የመጨረሻውን ንብርብር ግን ማንም አልረገጠውም። ለምርቃቱ ቸኩዬ «ተረግጧል» ብዬ ፈረምኩ። ግድቡ ቢናድ ውሃው መጀመሪያ የሚወስደው የአክስቴን ቤት ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል በየጠዋቱ ግድቡ ላይ አዲስ የባዶ እግር ዱካ አገኝ ጀመር።

«አክስቴ፣ አሁንም ትረግጣላችሁ እንዴ?»

«ወላሂ እኛ አይደለም። አንተ አልቋል ብለህ የለ፣ ኢንጂነሩ?» ብላ ሳቀችብኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

በማግስቱ በቀትር አብረን ወጣን። ግድቡ ላይ ሰው አልነበረም። አፈሩ ላይ ግን የባዶ እግር ዱካ ከወዲያኛው ጫፍ ጀምሮ ረድፍ በረድፍ እየታተመ ወደ እኛ መጣ። አክስቴ ክንዴን ያዘች። ረድፉ ፊቴ ሲደርስ ቆመ። ከዱካዎቹ መሃል የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ነበር።

አክስቴ ክንዴን ለቀቀችና ጫማዬን አየች።

ጎንበስ ብዬ ማሰሪያውን ፈታሁ።