ፍሪጁን የሚቆጣው ሰውዬ

የልጅቷ አባት መኪና መንዳት የሚያስተምር ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ የተማሪውን ጥፋት ሁሉ «አይዞህ፣ ይለመዳል» እያለ ውጦ ይውላል። ቤት ሲገባ ታዲያ ፍሪጁ ላይ ይወጣበታል።

«አንተ ሰነፍ፣ ቆመህ ከመዋል ሌላ ምን ታውቃለህ? ማቀዝቀዝ አቅቶህ ማጉረምረም ግን ማን ብሎህ።»

ልጅቷ ይቺን ነው የቀረጸችው። ስልኳን ከሻይ ቅጠሉ ጣሳ ጀርባ ሸጉጣ፣ ሳታስፈቅድ።

ዕድል ከእሷ ጋር ነበረች መሰለኝ። አንድ ቀን ፍሪጁን ልክ ልኩን ሲነግረው ባትሪዋ አለቀ። በነጋታው ግን ያንኑ ስድብ፣ ያንኑ ጣት መቀሰር እንዳለ ደገመው። ኩሽናው ጨለማ ሲሆንባትም ራሱ መጥቶ መጋረጃውን ገለጠው። «አየር ይግባ» ብሎ።

እናቷ ብቻ ነች የገረማት። «ሰውዬ፣ ዘንድሮ እራት ለመብላትም ትላጫለህ?»

የትምህርት ቤቷ ፊልም ክበብ አስተማሪ የሠራችውን ፊልም አይቶ ሳቁን መያዝ አቃተው፤ ሳይነግራት ለአጫጭር ፊልሞች ውድድር ላከው። ተመረጠ። ጥሪው የመጣው ደግሞ «ከነቤተሰብሽ» ተብሎ ነው።

ልጅቷ ክበቡን እንዳታጣ ፈራች። አምና ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ እንኳን «አቤት» ማለት ያቅታት ነበር። ክበቡ ከገባች ወዲህ ነው አፏ የተፈታው። አባቷ ሲፈቅድላት ደግሞ አንድ ነገር ብሏል፦ «በሰው መሳቂያ ከሆነ፣ በዚያው ቀን ትወጫለሽ።»

አዳራሹ ውስጥ አባቷ በሙሉ ልብስ መሀል ተቀመጠ። ታላቅ ወንድሟ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ሳትሞቺ ስልክሽን ለእኔ ተናዘዢ።»

«ዝም በል።»

«ቻርጀሩንም።»

መብራቱ ጠፍቶ ፊልሙ ጀመረ። ፍሪጁ ተሰደበ። ሰዉ በሳቅ ተንፈራፈረ፣ እናቷም ሳትቀር እንባዋን ጠረገች። አባቷ ግን ጥርሱን አላሳየም። ቅንድቡን አገናኝቶ ወደ ፊት አስግጓል። ከንፈሩ በጨለማው ውስጥ ይንቀሳቀሳል።

«አለቀልኝ» አለች በሆዷ። «እየረገመኝ ነው።»

አንደኛ ወጣች። መድረክ ላይ ወጥታ «አመሰግናለሁ» ስትል ዓይኗ እሱ ላይ ነበር። እያጨበጨበ አይደለም። የፊልሙ መጨረሻ ላይ የቀረ ነገር እንዳለ ሁሉ ባዶውን ሸራ አፍጥጦ ያያል።

ስትወርድ እጇን ያዘና ወደ ኮሪደሩ ወሰዳት። ወንድሟ ከኋላ አንገቱን በጣቱ እየቆረጠ አሳያት።

«ፊልሙን የቆራረጠው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አስተማሪሽ አላገዘሽም?»

«ብቻዬን ነው። አባዬ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ከክበቡ ብቻ አታስወጣኝ...»

አባቷ ግራ ቀኝ አየ። ሰው እንደሌለ ሲያረጋግጥ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ፍሪጁን አቅፌ ያለቀስኩባትን ቦታ የት ጣልሻት? ስንት ቀን መስታወት ፊት የተለማመድኳትን።»